ወርሃዊ ክፍያ ለሚያስተዳድር ኤጀንት የቱል መግለጫ አጻጻፍ፦ የትኛው አማራጭ ለየትኛው ሥራ?

ከሱሉልታ ወተት አምጥቶ በለገጣፎ፣ በአያትና በየካ አባዶ ቤት ለቤት የሚያከፋፍል፣ ሒሳቡንም በወር የሚሰበስብ ድርጅት አለ እንበል። ደንበኞቹ በቴሌግራም ይጽፋሉ፤ የሚመልስላቸው የኤአይ ኤጀንት ነው። ዓቢይ ጾም ሊገባ ሲል አንዲት ደንበኛ «ለጾሙ አቁሙልኝ» ብለው ይልካሉ። ኤጀንቱ ሁለት ቱል (ሥራ ለማስፈጸም የሚጠራው የኮድ መሣሪያ) ተሰጥቶታል። የአንዱ መግለጫ «ሰብስክሪፕሽን ያቆማል» ይላል፤ የሌላው «ሰብስክሪፕሽን ለጊዜው ይይዛል» ይላል። ደንበኛዋ «አቁሙልኝ» ስላሉ የመጀመሪያውን ይጠራል። የተጠራው ቱል ደግሞ ምዝገባውን ጨርሶ የሚሰርዝ ነው። ፋሲካ ሲደርስ ወተቱ አይመጣም።

እዚህ ላይ ኮዱ ምንም አላጠፋም። ኤጀንቱን የሚያስኬደው የቋንቋ ሞዴል ኮዱን አያይም፤ የሚያየው የቱሉን ስም፣ መግለጫውንና የፓራሜትሮቹን (ቱሉ ሲጠራ የሚሞሉትን መረጃዎች) ዝርዝር ብቻ ነው። ከእነዚህ ውጭ ያለውን ሁሉ ይገምታል፤ ግምቱ ደግሞ በሰው ገንዘብ ላይ ነው።

በከተማዋ ዳርቻ ወተት፣ የቦቴ ውሃ፣ የትምህርት ቤት ሰርቪስ ወይም የኮንዶሚኒየም የጋራ ኢንተርኔት በወር ክፍያ ለሚያቀርቡ ድርጅቶች ኤጀንት የሚሠራ ዴቨሎፐር የሚገጥሙትን ምርጫዎች ከዚህ በታች ጎን ለጎን እናያለን። አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር፦ ብር የሚያንቀሳቅስ ሥራ ሁሉ የራሱ ጠባብ ቱል፣ ረዘም ያለ መግለጫና በኮድ የታሰረ ገደብ ይኑረው። የሚያነብ ብቻ የሆነው ተጠቃሎ በአጭሩ ይጻፍ።

(የቱሎቹን ስም ለንባብ እንዲመች በፊደል ጽፈነዋል። በኮድ ውስጥ ግን ስሙ የላቲን ፊደል፣ ቁጥር፣ የግርጌ ሰረዝና ሰረዝ ብቻ እንዲሆን የኦፕንኤአይም የአንትሮፒክም ኤፒአይ (ፕሮግራም ከሞዴሉ ጋር የሚገናኝበት በር) ያስገድዳል።)

አንድ ሰፊ ቱል ወይስ ብዙ ጠባብ?

የመጀመሪያው አማራጭ «ሰብስክሪፕሽን_አስተዳድር» የሚባል አንድ ቱል ሠርቶ፣ «ድርጊት» በሚል ፓራሜትር አሳይ፣ ጀምር፣ ያዝ፣ ሰርዝ፣ መልስ እያሉ መምረጥ ነው። ለመጻፍ ፈጣን ነው፤ ቶክንም (ሞዴሉ ጽሑፍ የሚቆጥርበትን፣ ወጪውም የሚሰላበትን ቁራሽ) ይቆጥባል። ችግሩ ፓራሜትሮቹ ላይ ይመጣል። የገንዘብ መጠን የሚያስፈልገው ተመላሽ ሲሰጥ ብቻ ነው፤ የመመለሻ ቀን የሚያስፈልገው ሲያዝ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁሉም «አማራጭ» ተብለው ይመዘገባሉ። ሞዴሉ ግዴታ ያልሆነውን ይዘለዋል፣ ወይም የማይመለከተውን ይሞላዋል።

ከዚህ የባሰው ፈቃድ አሰጣጡ ነው። አብዛኛው የኤጀንት ማዕቀፍ «ይህ ቱል ከመጠራቱ በፊት ሰው ይፍቀድ» የሚለውን በቱል ደረጃ ነው የሚይዘው። ሒሳብ ማየትና ተመላሽ መስጠት በአንድ ቱል ከታጨቁ፣ ወይ ደንበኛው ሒሳቡን በጠየቀ ቁጥር ሠራተኛ ይጠራል፣ ወይ ተመላሹ ያለ ፈቃድ ያልፋል። ይህ ብቻውን ጠባቡን ለመምረጥ በቂ ምክንያት ነው።

አንትሮፒክ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 ያወጣው ሞዴልን ከቱሎች ጋር የሚያገናኝ የጋራ ደንብ፣ ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል (ኤምሲፒ)፣ ላይ የሚሠራ ሰው ሌላም ምክንያት አለው። የፕሮቶኮሉ የመጋቢት 2025 እትም ለእያንዳንዱ ቱል የሚለጠፉ ምልክቶችን ጨምሯል፦ የሚያነብ ብቻ ነው ወይ፣ ነገር ያጠፋል ወይ፣ ደግሞ ቢጠራ ለውጥ የለውም ወይ። ምንም ካልተጻፈ ቱሉ አጥፊ ሊሆን እንደሚችል ይቆጠራል። ሰፊ ቱል ላይ እነዚህን ምልክቶች በእውነት መለጠፍ አይቻልም፤ ግማሹ ያነባል፣ ግማሹ ያጠፋል። ምልክቶቹ ጥቆማ እንጂ መቆለፊያ እንዳልሆኑ ግን አይዘንጋ። ፕሮቶኮሉ ራሱ ከማይታመን ሰርቨር የመጣ ምልክት እንዳይታመን ያስጠነቅቃል።

ጠባብ ቱሎች ሲበዙ ሞዴሉ ይምታታል የሚለው ስጋት እውነት ነው፤ የኦፕንኤአይ መመሪያ በአንድ ጊዜ የሚቀርቡት ከ20 በታች እንዲሆኑ ይመክራል። ለወተት አከፋፋዩ የሚያስፈልገው ግን ስድስት ወይም ሰባት ነው፦ የደንበኛ_ሒሳብ_አሳይ፣ ምዝገባ_ጀምር፣ ምዝገባ_ለጊዜው_ያዝ፣ ምዝገባ_ሰርዝ፣ የክፍያ_መጠየቂያ_ላክ፣ ክፍያ_አረጋግጥ፣ ተመላሽ_ጠይቅ። የደንበኛው ዝርዝር፣ የምዝገባው ሁኔታና የመጨረሻው ደረሰኝ ሦስት ቱል መሆን የለባቸውም፤ «የደንበኛ_ሒሳብ_አሳይ» ሦስቱንም በአንድ ጥሪ ይመልስ።

አጭር መግለጫ ወይስ ረጅም?

የአንትሮፒክ መመሪያ ለአንድ ቱል ቢያንስ ሦስት ወይም አራት ዓረፍተ ነገር ይመክራል። ገንዘብ ለሚነካ ቱል እኛ ከዚያም ከፍ እንላለን። ልዩነቱ ጎን ለጎን ሲታይ ግልጽ ነው። አጭሩ፦

«የደንበኛን ሰብስክሪፕሽን ለጊዜው ይይዛል።»

ረጅሙ፦

«የደንበኛውን አቅርቦትና ክፍያ ለተወሰነ ጊዜ ያቋርጣል፤ ምዝገባውን አይሰርዝም። ከመነሻው ቀን ጀምሮ አዲስ የክፍያ መጠየቂያ አይላክም። ተከፍሎበት ያልቀረበ ቀን ካለ ደንበኛው ወደሚመለስበት ወር ይዛወራል፤ በገንዘብ አይመለስም። ደንበኛው ለጾም፣ ለጉዞ ወይም ተመልሶ እንደሚቀጥል በሚያሳይ ሌላ ምክንያት ‹አቁሙልኝ› ሲል ይህን ተጠቀም። ከእንግዲህ እንደማይፈልግ በግልጽ ከተናገረ ምዝገባ_ሰርዝን ተጠቀም። የትኛውን እንደፈለገ ካልለየ አንዱንም አትጥራ፤ ጠይቅ። የመመለሻ ቀን አትገምት። ከ90 ቀን በላይ መያዝ አይቻልም። የሚመልሰው የመመለሻውን ቀንና የተዛወሩትን ቀናት ብዛት ነው። ለደንበኛው ኤስኤምኤስ አይልክም።»

በቅደም ተከተል፦ ምን ያደርጋል፣ ገንዘቡ ምን ይሆናል፣ መቼ ይጠራል፣ መቼ አይጠራም (በምትኩ የትኛው እንደሚጠራ በስሙ)፣ ገደቡ ምንድን ነው፣ ምን ይመልሳል፣ ምን አያደርግም። ብዙ ሰው የሚዘለው ሁለተኛውንና የመጨረሻውን ነው። ሁለተኛው ከሌለ ደንበኛው «የከፈልኩት 20 ቀን ቀርቶታልኮ፣ ምን ይሆናል?» ሲል ሞዴሉ ከራሱ መልስ ይፈጥራል፤ ብዙውን ጊዜም «ይመለስልዎታል» ብሎ። የመጨረሻው ከሌለ ደግሞ «ማረጋገጫ መልእክት ይደርስዎታል» ብሎ ያልተሠራ ነገር ቃል ይገባል።

ገደቡንም አስቡበት። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ከውጭ የተቀዳ ኮድ ላይ የመያዣው ጣሪያ 30 ቀን ሆኖ ከተተወ፣ የጾሙ ጥያቄ ሁሉ ይወድቃል፤ ሞዴሉም መውጫ ሲያጣ ስረዛውን እንደ አማራጭ ሊያቀርብ ይችላል።

የረጅሙ ዋጋ መግለጫው በእያንዳንዱ ጥሪ አብሮ መላኩ ነው። ስለዚህ የሚያነብ ብቻ ለሆነው ቱል ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። በ«የደንበኛ_ሒሳብ_አሳይ» ላይ አሥር መስመር መጻፍ ብክነት ነው።

በአማርኛ ወይስ በእንግሊዝኛ?

መግለጫው በየትኛውም ቋንቋ ሊጻፍ ይችላል። የግዕዝ ፊደል በአብዛኞቹ ሞዴሎች የቶክን አቆጣጠር ከላቲኑ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ሁሉን በአማርኛ መጻፍ ወጪ አለው። ሁሉን በእንግሊዝኛ መጻፍ ደግሞ የደንበኛውን አነጋገር ያጠፋዋል፤ ሞዴሉ የአማርኛውን ልመና ከእንግሊዝኛው ቃል ጋር ራሱ እንዲያዛምድ ይገደዳል።

የተሻለው መካከለኛው ነው፦ አጽሙ በእንግሊዝኛ፣ የደንበኛው አባባል እንደ ወረደ በአማርኛ። «አቁሙልኝ»፣ «ይቅርብኝ»፣ «ሒሳቤን መልሱልኝ» የመሳሰሉት በየቱላቸው ሥር ይግቡ። ለአንድ ቱል ከሦስት እስከ አምስት ይበቃል። በሱሉልታ፣ በሰበታና በለገጣፎ አካባቢ በአፋን ኦሮሞ የሚጽፍ ደንበኛ ብዙ ነው፤ አማርኛን በላቲን ፊደል የሚጽፍም እንዲሁ። ከሦስቱም አንድ አንድ ምሳሌ ይኑር።

አንድ ሁኔታ ላይ ግን ሙሉ አማርኛውን እንመርጣለን፦ የክፍያውን ደንብ የሚያውቀው ሥራ አስኪያጁ ሆኖ፣ እንግሊዝኛ ማንበብ የማይቀናው ከሆነ። መግለጫውን አንብቦ «ይሄ ልክ አይደለም» የሚል ሰው መኖሩ ከቶክኑ ቁጠባ ይበልጣል።

ፓራሜትሮች፦ ለሞዴሉ ምን ይሰጥ፣ ምን ይከልከል?

ስህተቱ የሚበዛው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

የገንዘብ መጠን። ስትራይፕን የመሰሉ ዓለም አቀፍ የክፍያ ሥርዓቶች መጠኑን በትንሿ መለኪያ ይቀበላሉ፤ በብር ቢሆን በሳንቲም ማለት ነው። የአገር ውስጡ ቻፓ ግን በብር ነው የሚቀበለው። «መጠን» ብቻ የሚል ፓራሜትር ካለ፣ 3,000 ብር መሆን ያለበት ጥያቄ 300,000 ሆኖ ሊሄድ ይችላል። «መጠን_በብር» ብሎ መሰየም፣ መግለጫው ላይ «3,000 ብር ከሆነ 3000 ብለህ አስገባ፤ በሳንቲም አታባዛ» ማለት፣ ስኪማው (ፓራሜትሩ ምን ዓይነት እሴት እንደሚቀበል የሚወስነው ቅርጽ) ላይም የላይኛውን ጣሪያ ማስቀመጥ ይህን በብዛት ይከላከላል። ከሁሉ የሚሻለው ግን መጠኑን ከሞዴሉ እጅ ማውጣት ነው። የወሩ ሒሳብ ከምዝገባው ዕቅድ ይታወቃል፤ ሰርቨሩ ራሱ ያምጣው። ሞዴሉ መጠን የሚያስገባበት ብቸኛ ቦታ ተመላሽ ነው፤ እሱም ከተከፈለው እንዳይበልጥ በኮድ ይታሰር።

ቀን። ደንበኛው «እስከ ሚያዝያ 5» ሲል በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። አንዱ አማራጭ ሞዴሉ ራሱ ወደ ጎርጎርዮስ ቀይሮ እንዲያስገባ ማድረግ ነው። ብዙ ጊዜ ይሳካለታል፤ ጳጉሜ 6 ከሆነችበት ዓመት በኋላ ግን በአንድ ቀን ይስታል። መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. መስከረም 12 ቀን 2023 ነበር፣ እንደ ሌላው ጊዜ 11 ሳይሆን፤ መስከረም 1 ቀን 2020 ዓ.ም.ም እንደዚያው 12 ላይ ይውላል። ሁለተኛው አማራጭ ዓመት፣ ወርና ቀን በሦስት የተለያዩ ፓራሜትሮች በኢትዮጵያ አቆጣጠር መቀበልና ለውጡን በኮድ መሥራት ነው። ይህኛው ይሻላል። ወሩ ከ13 ስሞች ዝርዝር የሚመረጥ ይሁን፣ ውጤቱም ሁለቱንም አቆጣጠር ይመልስ፤ ኤጀንቱ ለደንበኛው አንብቦ እንዲያረጋግጥ።

ጳጉሜን በዝምታ አትለፏት። ወተቱ በቀን 100 ብር፣ ወሩ 30 ቀን ተብሎ 3,000 ብር ከሆነ፣ የጳጉሜ 5 ቀን 500 ብር ነው። ከነሐሴ ጋር ይከፈላል? ለብቻው መጠየቂያ ይወጣል? ድርጅቱ ይወስን፤ የተወሰነው በክፍያ መጠየቂያው መግለጫ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ለትምህርት ቤት ሰርቪስም የክረምቱ ወራት ጥያቄ እንደዚሁ ነው።

ሰዓት። «ጠዋት 3 ሰዓት» ማለት በዓለም አቀፉ አጻጻፍ 9፡00 ነው፤ ስድስት ሰዓት ይለያያል። መጠየቂያው ወይም አቅርቦቱ በሰዓት የሚቀጠር ከሆነ፣ ቁጥር ከመቀበል ይልቅ «ጠዋት»፣ «ከሰዓት»፣ «ማታ» የሚል የተዘጋ ምርጫ ይስጡት። ወተት ለማድረስ ከዚያ የጠበቀ ሰዓት አያስፈልግም።

የደንበኛው ማንነት። «ስልክ_ቁጥር» የሚል ፓራሜትር ለሞዴሉ መስጠት ቀላሉ መንገድ ነው፤ ግን የማንም ሰው ቁጥር ጽፎ የዚያን ሰው ሒሳብ ማየትና ማሰረዝ እንዲቻል በሩን ይከፍታል። መግለጫው ላይ «የሌላ ሰው ሒሳብ አታሳይ» ብሎ መጻፍ አይበቃም። ደንበኛው ከተገናኘበት የቴሌግራም አካውንት ጋር የተያያዘውን መለያ ሰርቨሩ ራሱ ያስገባ፤ ሞዴሉ ፓራሜትሩን ጨርሶ አይየው። አዲስ ምዝገባ ላይ ስልክ መቀበል ግዴታ ከሆነ፣ «ደንበኛው እንደጻፈው አስገባ» በሉትና 09፣ 07 ወይም 251 ብሎ የሚጀምረውን ወደ አንድ ቅርጽ ማምጣቱን ለኮዱ ተዉት።

የስረዛ ጊዜ። «ወዲያው» እና «የተከፈለበት ወር ሲያልቅ» የሚሉ ሁለት ምርጫዎች ብቻ ይኑሩ። ነጻ ጽሑፍ ከተፈቀደ «በቅርቡ» የሚል ይገባል።

ክፍያ መሰብሰብ ወይስ መጠየቂያ መላክ?

ከውጭ የሚቀዱ ምሳሌዎች ብዙውን ጊዜ የተቀመጠ ካርድ ላይ በራስ ሰር ማስከፈልን ታሳቢ ያደርጋሉ። እዚህ ደንበኛው የሚከፍለው በአብዛኛው ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ባለው ቴሌብር፣ በሲቢኢ ብር ወይም በኤምፔሳ ነው፤ በተለመደው አሠራር እያንዳንዱን ክፍያ ራሱ በፒን ያጸድቃል። ስለዚህ «ክፍያ_ሰብስብ» የሚል ስም ሞዴሉን ያሳስተዋል፤ ቱሉ «ተሳክቷል» ብሎ ሲመልስ «ክፍያዎ ተፈጽሟል፣ እናመሰግናለን» ብሎ ይጽፋል፤ ገንዘቡ ግን አልገባም።

ስሙ «የክፍያ_መጠየቂያ_ላክ» ይሁን። የሚመልሰውም «ተሳክቷል» ሳይሆን «ተልኳል፤ የደንበኛውን ማጽደቅ ይጠብቃል» ይበል። መግለጫው ላይ እንዲህ ይጨመር፦ «ይህ ቱል ገንዘብ አይወስድም። ገንዘቡ መግባቱን የሚያሳየው ክፍያ_አረጋግጥ ብቻ ነው። የጊዜ ገደብ አልፎ ስህተት ከመጣ ደግመህ አትላክ፤ መጀመሪያ ክፍያ_አረጋግጥን ጥራ።»

የመጨረሻዋ ሐረግ ለዳርቻው ሰፈር በጣም ታስፈልጋለች። በኮዬ ፈጬ ወይም በቱሉ ዲምቱ መብራት ሲጠፋ ኔትወርኩም ይደክማል። መጠየቂያው ደንበኛው ስልክ ላይ ደርሶ መልሱ ወደ ሰርቨሩ ሳይመለስ ይቀራል። ሞዴሉ ስህተት ሲያይ ልማዱ ደግሞ መሞከር ነው፤ ሁለተኛ መጠየቂያ ይሄዳል፣ ደንበኛው ሁለቱንም ያጸድቃል፣ ለአንድ ወር ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

መግለጫው ብቻውን አያድንም። ሰርቨሩ ከደንበኛው መለያና ከወሩ አንድ መለያ ቁጥር ይፍጠር፤ በተመሳሳዩ መለያ ሁለተኛ ጥያቄ ሲመጣ አዲስ ከመክፈት የቀድሞውን ሁኔታ ይመልስ። በቻፓ ይህ መለያ የግብይት ማጣቀሻው ሊሆን ይችላል፤ ማረጋገጫውም በዚያው ማጣቀሻ ነው የሚጠየቀው። በስትራይፕ የድግግሞሽ መከላከያ ቁልፍ ከ24 ሰዓት በኋላ ሊሰረዝ ስለሚችል፣ ከሁለት ቀን በኋላ ለሚመጣ ድጋሚ ሙከራ የራሳችሁ መዝገብ ያስፈልጋል።

የስክሪንሹቱንም ነገር ጻፉት። ደንበኞች ከፍለው የደረሰኙን ፎቶ ይልካሉ፤ ምስል ማንበብ የሚችል ሞዴል ደግሞ አይቶ ያምናል። በ«ክፍያ_አረጋግጥ» መግለጫ ላይ፦ «ፎቶ ማረጋገጫ አይደለም። ከፎቶው የግብይት ቁጥሩን አውጥተህ ይህን ቱል ጥራ፤ ካልተገኘ ‹እስካሁን አልደረሰንም› በል፣ አልከፈሉም አትበል።»

ደንቡ የት ይጻፍ፦ መግለጫው፣ ሲስተም ፕሮምፕቱ ወይስ ኮዱ?

መለያው ቀላል ነው። ደንቡ ቢጣስ ገንዘብ የሚጠፋ ከሆነ ኮድ ውስጥ ይግባ። ከቱል ቱል የማማረጥ ጉዳይ ከሆነ መግለጫው ውስጥ። ደንበኛውን «እርስዎ» ማለት፣ በጻፈበት ቋንቋ መመለስ የመሳሰለው ሲስተም ፕሮምፕት (ለሞዴሉ ከንግግሩ በፊት የሚሰጠው አጠቃላይ መመሪያ) ውስጥ።

ኮዱ ሲከለክል የሚመልሰው ጽሑፍም የመግለጫው ተከታይ ነው። «ስህተት 403» ብቻ ካለ ሞዴሉ ሌላ መጠን እየሞከረ ይቀጥላል። «ከ1,000 ብር በላይ ተመላሽ የሠራተኛ ፈቃድ ይፈልጋል። ጥያቄው ተመዝግቧል። ደግመህ አትሞክር፤ ሠራተኛ እንደሚደውልላቸው ንገር» ካለ ግን በዚያው ይቆማል። እንደ 1,000 ብርና 90 ቀን ያሉ ቁጥሮች መግለጫውም ኮዱም ላይ በእጅ ከተጻፉ አንድ ቀን ይለያያሉ፤ ሁለቱም ከአንድ የማዋቀሪያ ፋይል ያንብቡ።

ምርጫውን መፈተን

30 የደንበኛ መልእክት አዘጋጁ፦ 10 ግልጽ የሆኑ («ከዚህ ወር በኋላ አልፈልግም»)፣ 10 አሻሚ («ለጊዜው ተዉት»)፣ 10 ምንም ቱል መጠራት የሌለባቸው («ወተቱ ትናንት ቀጥኖ ነበር»)። ሞዴሉ አንድ ዓይነት መልስ ስለማይሰጥ እያንዳንዱን አምስት ጊዜ አስኪዱ። ገንዘብ በሚነካ ቱል ላይ ከአምስቱ አንዴ እንኳ ከሳተ መግለጫው አላለቀም።

ስህተቱ የት እንደሚታረም ከዓይነቱ ይታወቃል። የተሳሳተ ቱል ከተጠራ «መቼ አይጠራም» የሚለውን ክፍል አጥብቁ፤ በሁለቱም ቱሎች ላይ፣ አንዱ ሌላውን በስም እየጠራ። ቱሉ ልክ ሆኖ እሴቱ ከተሳሳተ የፓራሜትሩን መግለጫ እንጂ የቱሉን አትንኩ። መጠየቅ ሲገባው ከገመተ ፓራሜትሩን ግዴታ አድርጉና «አትገምት፤ ጠይቅ» የሚለውን እዚያው አጠገቡ ጻፉ። በአንድ ጊዜ አንድ መግለጫ ብቻ ቀይሩ፤ ሁለት ከተቀየረ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም።

30ዎቹን መልእክቶች አትጣሏቸው። አዲስ ቱል ሲጨመር፣ ለምሳሌ ደንበኛው ከ1 ሊትር ወደ 2 ሊትር የሚቀይርበት፣ ቀድሞ በትክክል ወደ «ምዝገባ_ለጊዜው_ያዝ» ይሄዱ የነበሩ መልእክቶች ወደ አዲሱ ሊዞሩ ይችላሉ። የሞዴሉ ስሪት ሲቀየርም እንዲሁ ነው፤ አዲሱ ለደንበኞች ከመከፈቱ በፊት ሁሉም ከመጀመሪያው ይሂዱበት።